አብሮ መሄድና አብሮ ማየት፦ የፎቶግራፍ ክበብ ፎቶግራፍን የሚያሻሽለው መቼ ነው?

በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ የተማሪ ክበባት አዳዲስ አባላትን ሲመዘግቡ የፎቶግራፍ ክበብ የሚሰጠው ተስፋ ግልጽ ነው፦ ክበቡን የተቀላቀለ ሰው የተሻለ ፎቶግራፍ ያነሣል። ተስፋው ማስረጃ የማያስፈልገው እስኪመስል ድረስ ብዙም አይጠየቅም። ይህ ጽሑፍ ግን ተስፋው በከፊል ብቻ እውነት ነው ሲል ይሞግታል። ክበብ ፎቶግራፍ አንሺን የሚያሻሽለው አባል ስላደረገው አይደለም። ብቻውን ያነሣውን ሥራ ይዞ እንዲቀርብ፣ ምክንያት ያለው ሒስ እንዲቀበልና ተመልሶ እንደገና እንዲያነሣ ሲያስገድደው ነው። ይህ ሥርዓት የሌለው ክበብ ወዳጅነትንና የመሣሪያ ውሰትን ይሰጣል እንጂ የሚያስተውል ዓይን አይሰጥም።

ጉዳዩ ከትርፍ ጊዜ ጨዋታ ያለፈ ክብደት አለው። የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የእምቦጭ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ ተዘግቧል። ደንገሉ፣ ታንኳው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ የከተማው ዳርቻ ሁሉም በለውጥ ውስጥ ናቸው። ይህን ለውጥ በየሳምንቱ በቅርብ ከሚያዩት መካከል ከግሽ አባይና ከሌሎች የባሕር ዳር ክፍለ ከተሞች ካሜራ ወይም ስልክ ይዘው ወደ ሐይቁ የሚወርዱ ወጣቶች ይገኛሉ። ስለዚህ ክበቡ ምን ዓይነት ፎቶግራፍ እንዲያነሡ ያሠለጥናቸዋል የሚለው ጥያቄ፣ ከዓመታት በኋላ ስለዚህ ዳርቻ ምን ማስረጃ ይኖራል ከሚለው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው።

ክበብ በፍጥነት የሚያስተምረው

በመጀመሪያ ለክበብ የሚገባውን ምስጋና መስጠት ፍትሐዊ ነው። የካሜራ አያያዝ በመጽሐፍ ከመማር ይልቅ አጠገብ ካለ ሰው ሲታይ በቶሎ ይገባል። ለዚህ የጥምቀት በዓል ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥር 11 ቀን ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ አደባባዩ ነጠላና ጋቢ በለበሱ ምእመናን ይሞላል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ግን የተሠራው የሚያየውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ እንዲቆጥር ነው። ነጭ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው መለኪያው ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ውጤቱም ነጠላው አመድማ፣ የሰዎቹም ፊት ጠቁሮ መልኩ የማይለይ ይሆናል። መፍትሔው በካሜራው ማስተካከያ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ያህል መጨመር ነው። ይህን ብቻውን የሚደርስበት ጀማሪ ብዙ በዓላትን ሊያባክን ይችላል። ልምድ ያለው የክበብ አባል ግን በአምስት ደቂቃ ያሳየዋል።

ሌላም ጥቅም አለ። ሌንስ ውድ ነው፤ ክበብ አንዱን ሌንስ ለብዙ እጅ ያዳርሳል። በአደባባይ ካሜራ ያነሣ ወጣት «ለማን ነው? ለምን ነው?» መባሉ አይቀርም፤ ክበብ መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ያስገኛል። እነዚህ ጥቅሞች ግን የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ ቶሎ ይሰጣሉ፣ ቶሎም ያልቃሉ። የብርሃን መለኪያን ጠባይ ያወቀ ሰው ደግሞ ማወቅ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ምን እንደሚያነሣ፣ ከየት ሆኖ እንደሚያነሣ፣ ምን እንደሚያስቀርና ለምን እንደሚያስቀር የመወሰን ችሎታ ነው። የክበብ ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የንጽጽሩ ወጥመድ

የክበብ ደጋፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ማስረጃ ንጽጽር ነው። የክበብ አባላት ከሌሎች ተማሪዎች የተሻለ ያነሣሉ፤ ስለዚህ ክበቡ አሻሽሏቸዋል ይባላል። የምርምር ዘዴ ኮርስ የወሰደ ሁሉ የዚህን ክርክር ቀዳዳ ያውቀዋል። ክበብ የሚቀላቀለው ሰው ከመቀላቀሉ በፊትም ፎቶግራፍ የሚወድ፣ ጊዜ ያለው፣ ምናልባትም ካሜራ የገዛ ነው። በክበቡ ለሦስት ዓመት የሚቆየው ደግሞ ሥራው የተወደደለት ነው፤ ያልተሳካለት በመጀመሪያው መንፈቅ ሹልክ ብሎ ይወጣል። በመጨረሻ የሚቆጠሩት የቀሩት ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለው ንጽጽር የሚለካው ክበቡ ያደረገውን ሳይሆን ወደ ክበቡ የመጣውንና በዚያ የቆየውን ሰው ዓይነት ነው።

ጥያቄው በአግባቡ እንዲጠየቅ ንጽጽሩ በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ መሆን አለበት። አባሉ ሲገባ ያነሣው ሥራ ከዓመት በኋላ ካነሣው ጋር ተቀላቅሎ፣ ስምና ቀን ሳይታይ፣ ከክበቡ ውጭ ባሉ ዳኞች ቢመዘን መሻሻሉ ሊታይ ይችላል። ውጤቱ የክበቡ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ክበብ ሳይገቡ በራሳቸው ሲያነሡ የቆዩ ተመሳሳይ ፍላጎት ያላቸው ወጣቶችን ሥራ በዚያው መንገድ መመዘን ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አንድ ክበብ ከአንድ ትምህርት ክፍል ጋር ተባብሮ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

ብቻን መቁጠር፣ በጉባኤ መንገር

መሻሻል ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎጃም ለዘመናት የቆየ የማስተማሪያ ሥርዓት አለው፤ የቅኔ ጉባኤ። የዋሸራና የጎንጅ ስም ከዚህ ሥርዓት ጋር ተያይዞ ይነሣል። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር ይኖራል፣ አብሮ ይለምናል፣ አብሮ ይበላል። ቅኔውን ሲቆጥር ግን ለብቻው ነው፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ተቀምጦ ያወጣል፣ ያወርዳል። ከዚያ የቆጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ይቀርባል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ ይናገራል። ቤቱ ያልመታው፣ ምሥጢሩ ያልተያያዘው፣ ሰዋስዉ የሳተው ወዲያው ይነገረዋል። ተማሪው ተመልሶ ይቆጥራል፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እየረዘመ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ለፎቶግራፍ ክበብ የሚወሰዱ ሦስት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ሥራው የግል ሲሆን ፍርዱ የጋራ ነው፤ ሁለቱ አይደበላለቁም። ሁለተኛ፣ እርማቱ በምክንያት ይሰጣል። መምህሩ «ጥሩ ነው» ወይም «አልወደድሁትም» ብሎ አይተውም፤ የትኛው ቃል የትኛውን ምሥጢር እንዳበላሸ ይጠቁማል። የሚሰማውም ባለጉዳዩ ብቻ አይደለም፤ በአንዱ ስሕተት ሁሉም ይማራል። ሦስተኛ፣ የሌላን ሰው ቅኔ መድገም እንደ ሙያ አይቆጠርም። ተማሪው ነባሩን የቤት ሥርዓት ተከትሎ አዲስ ነገር እንዲያመጣ ይጠበቅበታል።

ዘመናዊው ምርምርም ወደዚሁ ያዘነብላል። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት በምዕራብ በርሊን የሙዚቃ አካዳሚ ቫዮሊን የሚማሩ ተማሪዎችን አወዳድረው ነበር። ከፍተኛ ችሎታ የነበራቸው ሁለቱ ቡድኖች በሳምንት 24 ሰዓት ያህል ብቻቸውን ሲለማመዱ፣ የሙዚቃ መምህር ለመሆን የሚማሩት ግን 9 ሰዓት ያህል ብቻ ይለማመዱ ነበር። በእርግጥ ይህ ጥናት እንደ ማይነካ እውነት ሊወሰድ አይገባውም። ማክናማራና ማይትራ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግመው ሲሞክሩት የልምምዱ ድርሻ መጀመሪያ ከተባለው አንሶ አግኝተውታል። ቢሆንም ለክበቦች የሚያስተላልፈው ማስጠንቀቂያ አልተሻረም፤ ከሙያ ባልደረቦች ጋር የሚያልፍ ሰዓት ሁሉ የመሻሻል ሰዓት ነው ብሎ መቁጠር አይቻልም።

ሒስ የሚጎዳበት ጊዜ

«እንግዲያው ክበቡ ሒስ ይጨምር» ማለትም ብቻውን በቂ አይሆንም። ክሉገርና ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ ጥናቶችን አጣምረው 607 የውጤት ልኬቶችን ተንትነው ነበር። ግብረ መልስ በአማካይ ይጠቅማል። ሆኖም ከሲሶ በሚበልጡት ልኬቶች ላይ ውጤቱን ዝቅ አድርጎት ተገኝቷል። የሰጡት ማብራሪያ ለፎቶግራፍ ክበብ በቀጥታ ይሠራል፤ አስተያየቱ የሰውየውን ሐሳብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ማንነቱ ሲወስደው ጥቅሙ ይቀንሳል። «አንተ ጎበዝ ነህ» የሚለው ሙገሳም «አንቺ ገና ነሽ» የሚለው ነቀፋም በዚህ ረገድ ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም ስለ ሥዕሉ የሚናገሩት ነገር የለም።

ሁለተኛው አደጋ መመሳሰል ነው። ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች ሰዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ሲጠየቁ፣ በዙሪያቸው ያሉት ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ከሚሰጡት መልስ ሲሶ ያህሉ ከቡድኑ ስሕተት ጋር ይስማማ ነበር። የመስመር ርዝመት በዓይን የሚታይ ሐቅ ነው። በሐቅ ላይ ይህን ያህል የሚያግባባ የቡድን ጫና በውበት ፍርድ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። እጅ በማውጣት ወይም በ«ላይክ» ብዛት የሳምንቱን ምርጥ ፎቶግራፍ የሚመርጥ ክበብ፣ አባላቱ ባለፈው ሳምንት ያሸነፈውን ሥዕል መልሰው እንዲያነሡ ያሠለጥናል።

የፎቶግራፍ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ምስክር አለው። የኒው ዮርክ ካሜራ ክበብ እ.ኤ.አ. በ1896 ተመሠረተ፤ አልፍሬድ ስቲግሊትዝም ከ1897 ጀምሮ የክበቡን መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። ከአባላቱ ጋር በሥዕል ደረጃ ላይ ባለመግባባቱ ግን በ1902 አዘጋጅነቱን ትቶ የራሱን ቡድን አቋቋመ። ወጣቱ ፖል ስትራንድ በዚያው ክበብ አባል ሆኖ በጨለማ ክፍሉ ይሠራ ነበር። ሥራውን የለወጠው ግን ፎቶግራፎቹን እየያዘ ወደ ስቲግሊትዝ በመሄድ የተቀበለው ጥብቅ ሒስ ነው፤ ዝርዝርን በሚያደበዝዝ ሌንስ ማንሣቱን እንዲተው የተመከረውም በዚያ ነው። ክበቡ ክፍሉን ሰጠው፤ ዓይኑን የሰጠው ሒሱ ነው።

የተሳካው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1963 በኒው ዮርክ ጥቁር ፎቶግራፍ አንሺዎች የመሠረቱት ካሞይንጌ ነው። ስሙ ከኪኩዩ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን አብሮ የሚሠራ ሕዝብ እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው መሪ ሮይ ዴካራቫ ነበር። አባላቱ እየተሰበሰቡ አንዱ የሌላውን ሥራ ይመረምሩ ነበር፤ ይሁንና የአንዱ ሥዕል ከሌላው ጋር አይምታታም። ይህ ሊሆን የቻለው ስብሰባው አብሮ ለማንሣት ሳይሆን አብሮ ለማየት ስለተደራጀ ነው።

በአገር ውስጥም አቅጣጫው ታይቷል። በአይዳ ሙሉነህ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ የተጀመረው አዲስ ፎቶ ፌስት ዐውደ ርእይ ብቻ አልነበረም። ወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች የሥራ ስብስባቸውን ለባለሙያዎች አቅርበው ፊት ለፊት የሚታረሙበት መድረክም ነበር። እንዲህ ያለ መድረክ ግን በየጊዜው የሚመጣና የሚያልፍ ነው። በየሳምንቱ ሊተካው የሚችለው አጠገብ ያለ ክበብ ብቻ ነው።

የጉዞ ክበብና የጣና ሥዕል

የተማሪ ፎቶግራፍ ክበባት በቀላሉ የሚያዘነብሉት ወደ ጉዞ ነው። ጉዞ ለማዘጋጀት ይቀላል፣ ያስደስታል፣ አባላትንም ይስባል። ውጤቱ ግን የታወቀ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ጀልባ ወደ ዘጌ ይሄዳል፤ ሃያው ሰው በአንድ ሰዓት ከአንድ ቦታ ይቆማል፤ ሃያ ተመሳሳይ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ይዞ ይመለሳል። ታንኳው በጀምበር መጥለቂያ፣ ጢስ ዓባይ በክረምት፣ የቤዛዊት ኮረብታ እይታ፤ ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ ግን ከነሱ ውስጥ የማን ዓይን እንዳየ መለየት አይቻልም።

የጉዞው መርሐ ግብር ራሱም ያገላል። ለምሳሌ ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡም። የገዳሙ ሥርዓት የገዳሙ ነው፤ ክበቡ ሊከራከርበት አይገባም። ነገር ግን የዓመቱን ዋና ሥራ በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ያደረገ ክበብ ሴት አባላቱን ወደብ ላይ ትቶ መሄዱን ማሰብ አለበት። ሥራውን በየግል አንሥቶ በጋራ የሚመረምር ክበብ ይህ ችግር የለበትም።

በአንጻሩ አንድን ቦታ ብቻውን እየተመላለሰ የሚያይ ሰው ጉዞ የማያስተምረውን ይማራል። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ናት። በሰኔ ፀሐይ ከምዕራብ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ስለምትጠልቅ ብርሃኗ ወደ ሐይቁ ያመራል፤ በታኅሣሥና በጥር ግን ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ወደ የብሱ ትወርዳለች። ከዚሁ ዳርቻ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ ሰው ይህን ያውቀዋል። የውኃው መጠን ከክረምት ማግሥት ከፍ ብሎ በበጋው መጨረሻ ሲሸሽ፣ እምቦጩ በነፋስ ከቦታ ቦታ ሲገፋ፣ ደንገል የሚቆረጥበት ስፍራ ሲርቅ ያያል። ይህ እውቀት በአንድ ቀን ጀልባ አይገኝም።

እዚህ ላይ ነው የፎቶግራፍ ጥራት ከማማር ያለፈ ትርጉም የሚያገኘው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ ፎቶግራፍ አንሺዎች በሰሜን ኢትዮጵያ መልክዐ ምድርን አንሥተው ነበር። ያን ጊዜ ሥራቸው ለዘመቻው ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው ከዚያው አቅጣጫ እንደገና አነሡና እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳተሙ። ጥንዶቹ ሥዕሎች እንዳሳዩት የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋኑ በ1868 ከነበረው ጨምሯል፤ አካባቢው ያለማቋረጥ ወደ በረሃነት እየተለወጠ መጥቷል የሚለውን የተለመደ አስተሳሰብም ጥያቄ ውስጥ ከተተ። ይህ ሊሆን የቻለው የድሮዎቹ ሥዕሎች የተነሡበት ቦታ ተለይቶ ሊገኝ ስለቻለ ነው። ቦታው የማይታወቅ፣ ቀን የሌለው፣ ቀለሙ ከልክ በላይ የተነካካ የጀምበር መጥለቂያ ሥዕል ለወደፊቱ ተመራማሪ የሚነግረው ጥቂት ነው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«ክበብ የመዝናኛ ቦታ ነው፤ እንደ ምርምር ጉባኤ ሊከብድ አይገባም» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ክርክሩ እውነት አለው። ከትምህርት ጫና እፎይ ለማለት የሚመጣን ተማሪ በሒስ ማባረር ተገቢ አይደለም፤ ወዳጅነትም ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። ነገር ግን ደስታን የሚሰጥ ክበብ ደስታን እሰጣለሁ ብሎ ይጥራ። መሻሻልን ተስፋ ሰጥቶ ሽርሽርን ማቅረብ አባሉን ማታለል ነው። ከዚህም በላይ ሥራው በቁም ነገር የታየለት ወጣት የሚያገኘው ደስታ ከሽርሽር ደስታ አያንስም። የቅኔ ተማሪ ርሀብንና ስደትን ችሎ በጉባኤው የሚቆየው እርማቱ ስለሚጎዳው ሳይሆን፣ ቃሉ በቁም ነገር ስለሚሰማለት ጭምር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ካሜራ ለሌለው ተማሪ ክበብ ብቸኛ በር ነው የሚል ነው። ይህም ትክክል ነው፤ ሆኖም ጉዞን ያማከለውን ክበብ አይደግፍም። ብርሃንን፣ አቋቋምንና ጊዜን ለመማር በእጅ ያለ ስልክ ይበቃል። ለሒስ የሚቀርብ ሥዕል በስንት ብር መሣሪያ እንደተነሣ አይጠየቅም።

ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው ለውጥ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንደኛ፣ ክበቡ አብዛኛውን የስብሰባ ጊዜውን ለሥራ ምርመራ ያድርግ፤ እያንዳንዱ አባል በሁለት ሳምንት ከሦስት የማይበልጡ ሥዕሎች ይዞ ይቅረብ። የቁጥሩ ገደብ ራሱ ትምህርት ነው፤ ከሁለት መቶ ሥዕል ሦስቱን መምረጥ ከማንሣት ያልተናነሰ ሙያ ነውና። ሁለተኛ፣ አስተያየት ሰጪ ሁሉ መጀመሪያ የሚታየውን ይናገር፣ ቀጥሎ ሥዕሉ ምን ለማድረግ እንደሞከረ፣ በመጨረሻ የት ላይ እንደተሳካና እንዳልተሳካ ያስረዳ። ስለ አንሺው ማንነት መናገር አይፈቀድ። በዚህ ረገድ ነባር አባላት እንደ አስነጋሪ ሊያገለግሉ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ አባሉ በቀረበለት ሒስ መሠረት ወደዚያው ቦታ ተመልሶ እንዲያነሣና ሁለተኛውን ሥራ ከመጀመሪያው ጎን እንዲያሳይ ይጠየቅ። ያለዚህ ሒሱ ወሬ ሆኖ ይቀራል። አራተኛ፣ እያንዳንዱ አባል ከሐይቁ ዳርቻ አንድ ቦታ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይመላለስበት፤ እያንዳንዱ ሥዕልም ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና አቅጣጫ ተጽፎበት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በሥዕሉ የሚታዩ ሰዎችም ፈቃዳቸው ይጠየቅ። አምስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ ከላይ በተገለጸው መንገድ፣ ስምና ቀን ሳይታይ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሥራ ይመዘን። ክበቡ አሻሽያለሁ ብሎ የሚናገረው ያን ጊዜ ነው።

መደምደሚያ

የፎቶግራፍ ክበብ መቀላቀል ፎቶግራፍን ያሻሽላልን? ለጥያቄው አንድ ወጥ መልስ የለውም፤ መልሱ ያለው በክበቡ የስብሰባ ሥርዓት ውስጥ ነው። አብሮ መሄድን ዓላማው ያደረገ ክበብ የመሣሪያ እውቀትን ፈጥኖ ይሰጥና ከዚያ በኋላ አባላቱን ያመሳስላል። አብሮ ማየትን ዓላማው ያደረገ ክበብ ግን ለየብቻ የተለፋበትን ሥራ በጉባኤ አርሞ መልሶ ይልካል፤ አባሉም እየተሻሻለ፣ ከጓደኞቹም እየተለየ ይሄዳል። አዲስ ተመዝጋቢ ክበቡን ሊጠይቀው የሚገባው የዘንድሮው ጉዞ ወዴት እንደሆነ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት የማን ሥራ፣ በምን ምክንያት፣ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደተሠራ ነው።